ፀጉሩ ያልረገፈ ጎማ

ማማ ነኬሳ፣ እንደምን ዋልሽ? ዘይት ውስጥ ያለው ማንዳዚሽ ዛሬ ምን ነክቶት ነው እንዲህ ያበጠው? ትናንት እኮ ሳስቶ ሳስቶ ባሻገሩ ገበያው ይታይ ነበር… እርሾ ጨምረሽ ነው ወይስ እሱም ስብሰባ መኖሩን ሰምቶ ደረቱን ነፋ? አይ፣ አይ፣ አትስጪኝ። ሻዩንም ተይው። አሁን እጄን ወደ አፌ ብሰድ «ለሕዝቡ ምልክት ሰጠ» ይሉኛል። አንቺ ሥራሽን እየሠራሽ ስሚኝ ብቻ። ዝናቡስ ለበቆሎሽ ደረሰለት? ልጅሽ ነኬሳስ ደህና ናት? ተመስገን ነው።

ወሬ አምጥቼ አይደለም። ሰው ከሰዓት ፀሐይ ላይ ተገትሮ፣ ወደ ኋላ መዞር ተከልክሎ፣ ከጀርባው ማን እንደቆመ ሳያውቅ ሲቀር ምን ያድርግ? ወይ ይዘፍናል፣ ወይ ያወራል። ድምፄን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ላውራ።

እኔ ግን ይሄ የሲኮታ መገንጠያ ባለሞተሮች ምርጫችን ደስ ይለኛል። የምሬን ነው! ሣጥን የለ፣ ወረቀት የለ፣ ዳኛ የለ። ሁለቱ ተፎካካሪዎች ፊታቸውን ወደ አንቺ ምድጃ አዙረው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የቀረው ባለሞተር ከሚወደው ሰው ኋላ ይሰለፋል፤ ሰልፉ የረዘመለት አሸነፈ። ቆጠራው እስኪያልቅ ሁለቱ ሰዎች አይዞሩም። ዞረው ዓይን ዓይናቸውን ካዩዋቸው የተሰለፉት ይፈራሉ ተብሎ ነው። ምን ያለ ጥበብ ነው፣ በይ እስቲ! የሚመራውና የሚመሩት እንዳይተያዩ ተደርጎ የተሠራ ምርጫ… ደግሞ የኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። ናይሮቢም ይሁን ከባሕር ማዶ፣ የትኛው ትልቅ ሰው ነው ከተመረጠ በኋላ ከጀርባው ሌላ ያሳየን? እኛ ድሆች ስለሆንን በግልጽ አደረግነው እንጂ።

እና ዛሬ የቆምኩት ለሹመት እንዳይመስልሽ፤ ሊቀመንበር የሚመረጥበት ቀን ገና ነው። እኔና ሹመት! የቆምኩት ለሰደርያዬ ነው። ያቺ ብርቱካንማ፣ በመብራት የምታበራው፣ ጀርባዋ ላይ «ሲኮታ» የተጻፈባት… እሷን የለበሰ ከዚህ ዋርካ ሥር ተሳፋሪ ይጭናል። ያልለበሰ በዚህ በኩል ሲያልፍ ሞተሩን ማብረድም አይፈቀድለትም። ከተወሰደችብኝ ወዲህ ቡንጎማ ገበያ ጓሮ ዶሮ ነው የማመላልሰው። ዶሮ ጥሩ ተሳፋሪ ናት፣ አልዋሽሽም፤ «ቀስ በል» አትልም፣ በዋጋ አትከራከርም። ችግሩ ባለቤቷ ነው። እሱም ሊከፍል ሲል እንደሷ መሬት መሬቱን ይጭራል።

ሰልፌ ከረዘመ ሰደርያዬ ትመለሳለች። ካጠረ በቃ፣ ሲኮታ ላይ ሰው አልጭንም። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የመጣሁት እዚህ ነው፤ ሌላ ቦታ ማንም በስሜ አይጠራኝም። እዚህ ግን ልጅ ይዛ የምትሮጥ እናት «ሙኮያን ጥሩልኝ» ትላለች። «ሞተር ጥሩልኝ» አትልም። ይሄ ነገር… ይሄ ነገር አንጀቴን ይበላዋል፣ ማማ። እሺ፣ አላለቅስም። ጭሱ ነው። እንጨትሽ እርጥብ ነው።

ጥፋቴ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል? ጎማ ነካሁ። የአንድ ሰው ጎማ።

ስሙን አልጠራም፤ ስም መጥራት ነውር ነው። ደግሞ ቀድሜ ልንገርሽ፣ እዚህ በስተግራዬ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት የቆሙትን የተከበሩ ሊቀመንበራችንን ማለቴ አይደለም። እሳቸውን ማን ደፍሮ! እሳቸው እሳቸው ናቸው። እኔ የማወራልሽ ስለ አንድ ሰው ነው… አንድ የማውቀው ሰው። ሊቀመንበራችንም ቢሰሙ ይማሩበታል እንጂ አይጎዱም።

ሰውዬው ምን ያለ ሰው መሰለሽ! በመጀመሪያ ትሑት ነው። የመረጥነው ቀን «እኔ አገልጋያችሁ ነኝ» አለን። እኛም አገልጋያችን እንዳይደክምብን ብለን ወንበር አመጣንለት፤ ይኸው እስካሁን አልደከመም። ከዚያ ደግሞ ንጹሕ ነው። በትልቁ ዝናብ ጊዜ እኛ ሸክላ ሠሪ መስለን ስንውል የሱ ጫማ ፊት ያሳያል፤ አንዳንዴ ጎንበስ ብዬ ጢሜን አይበታለሁ። ሐዘን ላይ ሲደርስማ! ቀብር ላይ ከፊት ይቀመጣል፣ ማይክ ይይዛል፣ ስለ አንድነት ይናገራል… የሽማግሌ ሙሊሮ ወንድም የተቀበረ ቀን ንግግሩ ከመርዘሙ የተነሳ ጉድጓዱን ዝናብ ሞላው። ሟቹ ታጋሽ ሰው ስለነበር ነው እንጂ ሌላ ቢሆን ተነሥቶ ይሄድ ነበር።

እህ… ማነው ጉሮሮውን የጠረገው? አቧራ ነው። የሸንኮራ መኪና ሲያልፍ እኮ እንዲህ ነው።

ታዲያ ይሄን የመሰለ ሰው ማን መረጠው ብትይ፣ እኔ ነኝ። መምረጥ ብቻ? በዚች ትከሻዬ ነው ተሸክሜ ይሄን ዋርካ ያዞርኩት! ያኔ እንደዛሬው አልከበደም ነበር። «የኛ ሰው! የኛ ሰው!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኬያለሁ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ይባላል… እኔ ግን ሳር እንኳ አላየሁም። ሳር አለ ብሎ የጮኸው ራሴ ነኝ፣ ሰምቶ የሮጠውም ራሴ ነኝ፣ ገደሉንም ቢሆን የቆፈርኩት ራሴ ነኝ።

ገደሉን ልንገርሽ። የዚያን ጊዜ አንቺ ልጅሽን ልታሳክሚ ኪታሌ ሄደሽ ነበር። ሊቀመንበር ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጥ ተብሎ ስብሰባ ተቀመጥን። ሽማግሌ ሙሊሮ «ዓመት ይበቃዋል» አሉ። እኔ አፌ መቼ ያርፍልኛል፣ ብድግ አልኩ። «አባባ፣ ዓመት የመንግሥት ነው። መንግሥት ተኝቶም ዓመት ይሞላለታል። እኛ ባለሞተሮች ነን፣ በጎማ እንቁጠር! የሊቀመንበሩ የኋላ ጎማ ጥርሱ አልቆ ሙልጭ ያለ ቀን ሥልጣኑም ይለቅ፣ እንደገና እንምረጥ» አልኩ። ጭብጨባውን ብታይ! ጓደኛዬ ኩንዱ አቅፎ አነሣኝ። ሙሊሮ ሳይቀሩ «አንተ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ብትቆይ ኖሮ ፓርላማ ነበርክ» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። ያን ሰሞን ስሄድ ደረቴ ነበር የሚቀድመኝ።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም እኮ! እዚህ ጠጠር መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚጭን ሰው የኋላ ጎማው ከበቆሎ ዘር እስከ አጨዳ አይደርስም። እንግዲህ ሊቀመንበሩም እንደኛ ይሠራል፣ ጎማው እንደኛ ያልቃል፣ ቶሎ ቶሎ እንመርጣለን ብዬ ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ረሳሁ… ጎማ የሚያልቀው ሲነዱት ነው። ይሄን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል። እኔ ግን እስከ ስድስተኛ ስለደረስኩ ትምህርቱን አልፌው ሄጄ ይሆናል።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባል የለ? እኔ ደግሞ ገመዱን ገምጄ፣ አንገቴ ላይ አስሬ፣ ጫፉን ለሌላ ሰው አቀበልኩ።

ሰውዬው የተመረጠ ለታ አዲስ የኋላ ጎማ ገጠመ። እኛም «አየህ፣ ለሥራ ተዘጋጀ!» ተባባልን። በማግስቱ ሞተሩን በመቆሚያው አንሥቶ፣ የኋላ እግሯን አየር ላይ አንጠልጥሎ፣ ከዋርካው ሥር አቆማት። ይኸውና እስከዛሬ እዚያው ናት። ጠዋት ጠዋት ትታጠባለች፤ እንደ ሙሽራ። ታዲያ ሊቀመንበር በእግሩ ይሂድ? አይሆንም! ስብሰባ አለበት፣ ቀብር አለበት፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይጠሩታል። በተራ በተራ እኛ ከኋላችን እያፈናጠጥን እናደርሰዋለን፤ ክብር ነውና በነጻ። አየሽ ብልሃቱን? የኛ ጎማ ያልቃል፣ የሱ ዘመን ይረዝማል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ የድሮ ሰዎች… የማይሻር ሰውስ ምን ይቆጨው? እንደልቡ አላምጦ ይበላል።

ሦስት ዝናብ መጣ፣ ሦስት ዝናብ ሄደ። እኔ አራት ጎማ ጨረስኩ፤ አንዱን የጨረስኩት እሱን ሳመላልስ ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት ሰው ሁሉ እዚህ አንቺ ጋ ሻይ እየጠጣ ሳለ፣ ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ ያቺን ሙሽራ ጎንበስ ብዬ አየኋት። አውራ ጣቴን ጎማው ላይ አሳረፍኩ። ማማ ነኬሳ… ፀጉር! ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ ጢም ያለ የላስቲክ ፀጉር እንዳለው ታውቂያለሽ። መንገድ የረገጠ እንደሆነ በሁለት ቀን ይረግፋል። የዚህ ግን ከሦስት ዝናብ በኋላ አንዲት አልጎደለችም! ከኔ አገጭ ይሻላል።

አሁን ብልህ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ቀና ብሎ ሻዩን ይጠጣል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን ነቀዝኩ። «ወንድሞች፣ ኑ እዩ! ጎማችን ጢም አብቅሏል፣ ሚስት ፈልጉለት!» ብዬ ጮህኩ።

ሳቃቸውን ሰምተሽዋል፣ እዚሁ ነበርሽ። ኩንዱ ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። አንቺም ራስሽ ጀርባሽን አዙረሽ ትከሻሽ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ አትካጂ። በነጋታው ግን ጉድ እኮ ነው። የሳቁት ሁሉ አንድ በአንድ ሰውዬው ጋ እየሄዱ «እኔ አልሳቅኩም» ብለው ማሉ። ለካ ያን ቀን ሲኮታ ላይ የሳቀ ሰው አልነበረም! እኔ ብቻ ልክድ አልቻልኩም፤ ይሄ አፌ ሰፊ ነው፣ ሳቁ ከሩቅ ይታያል። «የሰው ንብረት ያለፈቃድ ዳሰሰ፣ ሊቀመንበርነትን አዋረደ፣ ዴሞክራሲያችንን ነካ» ተባለ። ሰደርያዬን ከጀርባዬ ላይ ገፈፉኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ሲባል እሰማ ነበር… እኔ ባለቤቱን ሳልንቅ፣ አጥሩንም ሳልነካ፣ ጎማውን ብቻ። ለዚያውም በአንድ ጣት። ለካስ ዴሞክራሲያችን እዚያ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው! እውነትም ነፋስ ሞልቶታል።

ሰደርያዬንማ ሰውዬው በክብር ነው የያዘልኝ፤ ውለታው አይካድም። ፀሐይ እንዳይጎዳት ብሎ ሞተሩ ወንበር ላይ አንጥፎ ይቀመጥባታል።

ይሄ ኮቴ የማነው? የሚጎተት ጫማ… ኩንዱ ነው። ከሺሕ ሰው መሐል አውቀዋለሁ። አትንገሪኝ፣ አትንገሪኝ፤ ራሴ እሰማለሁ። ወደ… ወደ ግራ። ወደ ጥላው። ኧረ ኩንዱ! ትናንት ማታ ትከሻዬን ይዞ «ሙኮያ ወንድሜ፣ አንተንና እኔን ሞት ካልሆነ የሚለየን የለም» ያለኝ ኩንዱ! ሞት እስኪመጣ ማን ጠበቀ፣ ፀሐይ ለየን።

አልፈርድበትም። ይሄን ሰዓት ማን እንደመረጠው ታውቂያለሽ? የተከበሩት ሊቀመንበራችን ናቸው። «ጠዋት ሥራ አለ፣ ሕዝቡን አናስቸግር» ብለው። ለሕዝብ ማሰብ ማለት ይሄ ነው! ጠዋት ቢሆን የዋርካው ጥላ በኔ በኩል ይወድቅ ነበር፤ አሁን በሳቸው በኩል ነው። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ከዚህ ዛፍ ሥር ስተኛ ጥላው እንደሚዞር ልብ አላልኩም። የተማሩት ሰዎች በሬዲዮ «መራጩ ሐሳብ ይመርጣል» ሲሉ እሰማለሁ። መራጩ ጥላ ነው የሚመርጠው፣ ማማ። እኔም የሰልፉ ራስ ባልሆን ኖሮ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከኩንዱ ቀድሜ እዚያ ነበርኩ። ለራሴ ፀሐይ ላይ ቆሜ ድምፅ የምሰጥ ዓይነት ሰው አይደለሁም።

ሐሳብ ካልሽ ግን ሐሳብ ነበረኝ። ጎማ ከመንካቴ በፊት ለስብሰባ ያዘጋጀሁት ነው። ሕጉ ይገልበጥ! ከዘር እስከ አጨዳ ጎማው ካለቀ፣ ሠርቷል ማለት ነው፣ እንደገና ይጠይቀን፤ ካላለቀ ሳይጠይቀን ይውረድ። ይሄ ከበደ? ሌላም ነበረኝ፤ የሚመረጠው ሰው ወደ ሕዝቡ ይዙር፣ ሕዝቡ ዓይኑን ይጨፍን። አሁን የሆነው እኮ ግልባጩ ነው፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቷል፣ እኛ አፍጠን እርስ በርስ እንጠባበቃለን፣ ማን የት ቆመ እያልን።

ግን እዚህ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሳስበው… እሱንም ቢሆን የሚያጭበረብር አይጠፋም። ሕጉን ብንገለብጠው፣ ያ የማውቀው ሰው ሞተሯን ሳያስነሣ ጎማውን በሞረድ ሞርዶ «ይኸው፣ ለናንተ ስል አለቀ» ይለናል። ስለ አንድነትም ይናገራል። እኔም አጨበጭብለታለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እንግዲህ የትኛውም ሕግ ቢወጣ ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ የሚዳስስ ሰው ያስፈልገዋል። አንድ ሰው ሲሆን ግን እንደኔ ዶሮ ይጭናል። ሁሉም በየጠዋቱ እየመጣ ቢዳስስ፣ የማንን ሰደርያ ይገፍፋል? የሁላችንንም ገፍፎ የትኛዋ ላይ ይቀመጣል? ይሄን ማሰብ የነበረብኝ ያኔ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ጮህኩ፣ ከዚያ ነው ያሰብኩት። ተፈጥሮዬ ነው፤ ጡሩንባው ከፍሬኑ ቀድሞ የተገጠመልኝ ሰው ነኝ።

ትልቁ ምርጫስ ቢሆን? ባለፈው ጊዜ እጩው በሄሊኮፕተር ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሲያርፍ የክፍሉን ቆርቆሮ አላነሣም? እኛ ግን ቆርቆሮው ሲበር አጨበጨብን። ዱቄት ተሰጠን፣ ካናቴራ ተሰጠን። ጣታችንን ቀለም ነከርን፣ ቀለሙን ለሰው እያሳየን ሳምንት ኮራን። ላም አለኝ በሰማይ ይላሉ… የኛዋ እንኳ በአምስት ዓመት አንዴ ወረድ ትላለች፤ አቧራ አልብሳን ተመልሳ ትወጣለች። ካናቴራው ይሻላል። ከእጩው በላይ ቆይቷል፤ እስከዛሬ ሞተር እጠርግበታለሁ። የታተመበት ፊት ዘይት ሲነካው ፈገግ ያለ ይመስለኛል።

ምነው ዓይንሽን ሰበርሽ? ቅድም ወደ ኋላዬ ታዪ ነበር፣ አሁን ማንዳዚውን ብቻ ነው የምታዪው። የኔ መስታወት እኮ አንቺ ነሽ፣ አትጨልሚብኝ። ያ ማንዳዚ ደግሞ ሊያርርብሽ ነው።

እንግዲህ ሙሊሮ በበትራቸው መቁጠር ጀመሩ። በሊቀመንበሩ በኩል… እሰማለሁ… ትከሻ እየነኩ ነው የሚሄዱት። ረጅም ነው። ዛሬ ዋርካው እንዴት ያለ ሰፊ ጥላ አለው! ገና ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው የሚባለው… እኛም እናውቅበታለን ማበር፤ የምናስረው ግን ይለያያል።

አሁን ወደኔ መጡ። አንድ… ሁለት።

ሁለት?

ጨረስኩ ነው የሚሉት? አሁን መዞር ይቻላል? እስቲ ልዙር።

…ማማ ነኬሳ፣ አትሳቂ። ወይም ሳቂ፣ ዛሬ ፈቅጃለሁ። የመጀመሪያው ደጋፊዬ ሙኳና ነው፤ ከምሳ ጀምሮ ሞተሩ ላይ ተጋድሞ እዚህ ተኝቷል፣ ሰልፉ መጥቶ ነው ያገኘው። ሙሊሮ ትከሻውን ሲነኩት እንኳ አልነቃም። ሁለተኛው ይሄ ትናንት የገባው አዲስ ልጅ፣ ሳንቲም በእጁ ይዟል። «አንተ፣ ለኔ ነው የተሰለፍከው?» አልኩት። የማንዳዚ ወረፋ መስሎት ነው! ስጪው እባክሽ፣ ብዙ ቆሟል። በቃ፣ የኔ ደጋፊዎች እንቅልፍና ረሃብ ናቸው። ትልልቆቹ ፓርቲዎችስ ከነዚህ ሁለቱ ሌላ ማን አላቸው?

ሌሎቹን እያቸው። አንድም ቀና ያለ የለም። ኩንዱ ጫማውን እያየ ነው፤ ምን አዲስ ነገር አገኘበት? ለካ መሪው እንዳይዞር የተባለው ሕዝቡ እንዳይፈራ አልነበረም። የተሸነፈው ሰው የወንድሞቹን አናት እንዳያይ ነው። ደግ ሕግ ነው። ይሄን እንኳ እኔ አላወጣሁትም።

እሺ፣ ተፈረደብኝ። እሄዳለሁ። ዶሮዎቹ ይጠብቁኛል፤ እነሱ ሲያዩኝ ይንጫጫሉ፣ አንገት አይደፉም። የቀረብኝ የሁለት ሻይ ሒሳብ ነው መሰለኝ፣ ያዥው። በይ ደህና ዋይ። አይ፣ ቆይ… ቂም ይዤ መሄድ አይሆንልኝም። እናቴ ከሰው ቤት ስትወጣ መርቀህ ውጣ ብላ ነው ያሳደገችኝ። ስለዚህ ያን የማውቀውን ሰው ልመርቀው፤ ሊቀመንበራችንም እዚሁ ስለሆኑ አብረው አሜን ይበሉልኝ፣ ጎረቤት ናቸው።

እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ቤቱን ይባርክ። የወለዳቸው አራቱ ልጆቹ ይደጉለት፣ ይማሩለት፣ እንደኔ ከስድስተኛ ክፍል አይቅሩበት፤ ለቁም ነገር በቅተው ሥራ ይያዙ፣ ትዳር ይያዙ። ከዚያ ደግሞ፣ አደራህን ጌታዬ፣ በሄዱበት አገር፣ በገቡበት ሥራ ሁሉ፣ ልክ እሱ ለኛ እንደሆነልን አድርጎ የሚሆንላቸው፣ እሱ እኛን የወደደውን ያህል የሚወዳቸው አለቃ ይስጣቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አይለያቸው።

አሜን በይ እንጂ፣ ማማ… ምርቃት እኮ ነው።